ከ«ተመስገን» በኋላ ያለውን የጠየቁት ወ/ሮ ትግስት ላጲሶ
1964 – 2018 ዓ.ም.

ወ/ሮ ትግስት ላጲሶ ቅዳሜ የካቲት 11 ቀን 1964 ዓ.ም. ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ከሩብ ላይ፣ ከአባታቸው ከአቶ ላጲሶ ሄራሞና ከእናታቸው ከወ/ሮ ዳምጤ አንጁሎ፣ ከሆሳዕና ከተማ ወጣ ብሎ በሚገኝ የሚስዮን ክሊኒክ ተወለዱ። በዚያ ዘመን በአካባቢው የልጅ ልደት በዝናብና በአዝመራ እንጂ በሰዓት አይታወቅም ነበር። የእሳቸው የታወቀው አባታቸው የክሊኒኩ ዘበኛ ስለነበሩና አዋላጇ ሰዓቱን የጻፈችበትን ካርድ ለምነው ስለወሰዱ ነው። ካርዱ እስከ ዛሬ በቤተሰቡ መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ አለ።

ከአምስት ልጆች ሦስተኛ የሆኑት ወ/ሮ ትግስት እስከ ስድስተኛ ክፍል በሚስዮኑ ትምህርት ቤት፣ ሰባተኛና ስምንተኛን ደግሞ በሆሳዕና ተምረዋል። በ1979 ዓ.ም. እናታቸው ታመው ሆስፒታል ሲገቡ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ የነበሩት ትግስት ትምህርት አቋርጠው አርባ አንድ ቀን አስታመሙ። ወ/ሮ ዳምጤ የሚናገሩት ሀዲይኛ ብቻ ነበር። ከአማርኛ የሚያውቁት «ደህና ነኝ፣ ጌታ ይመስገን» የሚለውን ስለነበር ሐኪሞቹ በዙር መጥተው እንዴት አደሩ ሲሏቸው ይህንኑ ይመልሱ ነበር። ሐኪሞቹ ሲወጡ ግን ለልጃቸው የሚያማቸውን ቦታ በጣታቸው ያሳዩ ነበር። ትግስት በኮሪደሩ እየሮጡ ሐኪሞቹን ይከተሉ እንደነበር የሚያስታውስ አለ። ወ/ሮ ዳምጤ ከሆስፒታሉ በሕይወት አልወጡም። ወ/ሮ ትግስት ይህን ነገር በኋላ ከሠሩት ሥራ ጋር አያይዘው ሲናገሩ ግን ማንም ሰምቶ አያውቅም።

በ1982 ዓ.ም. ወደ አዲስ አበባ መጥተው ቦሌ ሚካኤል ከአክስታቸው ዘንድ ተቀመጡ። ቀን ቀን በአክስታቸው ሱቅ እየረዱ፣ ማታ ማታ ትምህርታቸውን ቀጠሉ። መስከረም 1986 ዓ.ም. በምሥራቅ አዲስ አበባ በሚገኝ አንድ ሆስፒታል በጽዳት ሠራተኝነት ተቀጠሩ። በዚህ ሥራ አሥራ አንድ ዓመት ቆዩ። ብዙ ሰው ይህን ዘመን ሊያልፍላቸው ሲል ያሳለፉት መከራ አድርጎ ያወራዋል። እሳቸው ግን ያወቁትን ሁሉ ያወቁት ያኔ እንደሆነ ይናገሩ ነበር። ጋውን የለበሰ ሰው ሲገባ ዝም የሚል ታካሚ፣ ባልዲና መወልወያ የያዘ ሰው ሲገባ ይናገራል። ማን እንደቆጣው፣ ፖፖ የሚያቀርብለት አጥቶ ምን እንደደረሰበት፣ መድኃኒቱን ለምን ትራስ ሥር እንደደበቀ የሚነግረው ወለል ለምትወለውል ሴት ነው።

ጥር 1988 ዓ.ም. በዚያን ጊዜ ከቦሌ ጉርድ ሾላ ሚኒባስ ያሽከረክሩ ከነበሩት ከአቶ አምላኩ ጋር በአጥቢያቸው ቤተ ክርስቲያን ጋብቻቸውን ፈጸሙ። በ1991 ዓ.ም. ሩሃማን፣ በ1995 ዓ.ም. ማራናታን ወለዱ። ልጆቻቸውን እያሳደጉ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን በማታ ጨረሱ። ወደ ካርድ ክፍል ከተዛወሩ በኋላም በጤና መረጃ አያያዝ በዲፕሎማ ተመረቁ። በምረቃው ቀን አቶ አምላኩ ሚኒባሱን ሪባን በሪባን አድርገው መጥተው ስለነበር የሰፈር ሰው ሠርግ መስሎት እልል ብሏል።

በ2005 ዓ.ም. የሆስፒታሉ ጥራት ክፍል ተኝተው የሚታከሙ ሰዎችን ስለ ቆይታቸው የሚጠይቁ አራት መረጃ ሰብሳቢዎችን ሲመድብ አንዷ ወ/ሮ ትግስት ሆኑ። ታካሚው ሊወጣ ሲል አልጋው አጠገብ ቆመው ቅጹን ያነቡለታል። ምግቡ፣ ጽዳቱ፣ የሐኪሞቹ አቀባበል እንዴት ነበር ይሉታል። እንደ መልሱ ከአንድ እስከ አምስት ካሉት ቁጥሮች አንዱን ያከብባሉ፤ አምስት ማለት «በጣም ረክቻለሁ» ነው። ከሥሩ ደግሞ «የታካሚው ቃል» የሚል አንድ መስመር አለ፤ እዚያ ላይ ሰውየው ያለው እንዳለ ይጻፋል። ቁጥሩ ይደመራል፤ ቃሉን ግን ማንም አያነበውም ነበር።

በ2007 ዓ.ም. ግንቦት ላይ ሐጂ ሃይደር የተባሉ አዛውንት ከሃያ ስድስት ቀን ቆይታ በኋላ ሊወጡ ሆነ። ከወሎ መጥተው ጉርድ ሾላ ሱቅ ካላቸው ልጆቻቸው ጋር የሚኖሩ ሰው ነበሩ። ወ/ሮ ትግስት ቅጹን ሲያነቡላቸው ለሃያውም ጥያቄ «አልሐምዱሊላህ» አሉ። ወ/ሮ ትግስትም እንደ ልማዱ ሃያ ጊዜ አምስትን አከበቡ። ከዚያ ልጃቸው ፈዲላ ልብስ ልትቀይርላቸው ስትታገል አይተው ቅጹን አስቀምጠው አገዟት። ሐጂን ወደ ጎን ሲገለብጧቸው ከወገባቸው በታች የመዳፍ ስፋት ያለው የአልጋ ቁስል አዩ። በሃያ ስድስት ቀን ውስጥ ከልጃቸው በቀር ጎናቸውን የገለበጠ ሰው አልነበረም።

ወ/ሮ ትግስት «አባባ፣ ይህን ለምን አልነገሩኝም?» ብለው ጠየቋቸው።

«አንቺ የጠየቅሽኝ እንዴት ነዎት ብለሽ ነዋ፣ ልጄ» አሉ ሐጂ። «እንዴት ነህ ላለ ሰው አላህን ሳላመሰግን ቁስሌን ላውራ?»

ወ/ሮ ትግስት በዚያ ቀን ምሳ አልበሉም። ከሰዓት በኋላ የዓመቱን ሦስት መቶ ቅጾች ከመደርደሪያ አውርደው «የታካሚው ቃል» የሚለውን መስመር ብቻ ማንበብ ጀመሩ። በማግስቱ ባልደረቦቻቸውን አንድ በአንድ ጠየቁ። ከእነሱ አንዱ የነበረው ሙክታር ዛሬም ሳይደብቅ የሚናገረውን ያኔም ሳይደብቅ ነገራቸው። «እትዬ፣ አልሐምዱሊላህ ካለኝ አምስት ነው የማከብበው። ተመስገን ካለኝም አምስት። ታዲያ ሁለት ላድርገው? ፈጣሪን ሁለት ልስጠው?»

ከሦስት መቶው ቅጽ በሁለት መቶ አሥራ ሁለቱ ላይ የተጻፈው ቃል «ተመስገን»፣ «ክብር ለእሱ» ወይም «አልሐምዱሊላህ» ብቻ ነበር። የዓመቱ ሪፖርት ግን ዘጠና ስድስት ከመቶ ታካሚ በጣም ረክቷል የሚል ሆኖ ለፊርማ ተዘጋጅቷል። ወ/ሮ ትግስት ከአምስቱ ቁጥሮች ጎን በእርሳስ ስድስተኛ ዓምድ አሰመሩ። ከላዩ «መልስ አልሰጡም» ብለው ጽፈው ሁለት መቶ አሥራ ሁለቱን ሰዎች ወደዚያ አዛወሩ። የሐጂ ሃይደርም ቅጽ ከእነሱ አንዱ ነበር።

ሐሙስ ሰኔ 18 ቀን 2007 ዓ.ም. በተደረገው ስብሰባ የጊዜው ኃላፊ «አፉን ሞልቶ ተመስገን ያለን ሰው አልረካም ልትዪኝ ነው?» ብለው ጠየቋቸው።

ወ/ሮ ትግስት «አልረካም አላልኩም» ብለው መለሱ። «ተመስገን ያለው ለእግዚአብሔር ነው። ለእኛ ገና ምንም አላለንም።»

በስብሰባው ላይ የሳቀ ነበር፤ ኃላፊው ግን አልሳቁም። ሪፖርቱን ካልፈረሙ ሥራቸው እንደሚቀየር በሰው ፊት ተነገራቸው። በዚያ ሰሞን ሩሃማ አሥረኛ ክፍልን እየተፈተነች ነበር፤ አቶ አምላኩም መኪናቸው ተበላሽቶ ቤት ከዋሉ ወር አልፏቸው ነበር። ቤተሰቡ ሁሉ ፈርሚና እረፊ አላቸው፤ ይህን የጻፈው ታናሽ ወንድማቸውም ከመካሪዎቹ አንዱ ነበር። ወ/ሮ ትግስት አልፈረሙም። ሪፖርቱ በሌላ ሰው ፊርማ በዘጠና ስድስቱ ወጣ፤ እሳቸውም ሐምሌ ላይ ወደ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ተዛወሩ።

በማጠቢያ ክፍል አሥራ አራት ወር ቆዩ። እዚያም ዝም ብለው አልተቀመጡም። ከየክፍሉ የሚመጣውን አንሶላ ሲቀበሉ መሐሉ ላይ መግልና ደም ያለበትን ለይተው ከየትኛው ክፍል፣ በየትኛው ቀን እንደመጣ በደብተር ይጽፉ ነበር። በዚያ የሚሠሩ ሴቶች «እትዬ ትግስት፣ አሁን ደግሞ አንሶላውን ልትጠይቂው ነው?» እያሉ ያሾፉባቸው ነበር። እሳቸውም «ይሄ እንኳ ተመስገን አይልም» ይሏቸው ነበር።

መስከረም 2009 ዓ.ም. ወደ ጥራት ክፍሉ አዲስ የመጡት ዶ/ር ሊባን የቆዩ ቅጾችን ሲያገላብጡ በእርሳስ የተሰመረውን ስድስተኛ ዓምድ አገኙ። ማን እንዳሰመረው ጠይቀው ወደ ማጠቢያ ክፍል በእግራቸው ወረዱ። ወ/ሮ ትግስት በሳምንቱ ወደ ቦታቸው ተመለሱ፤ ደብተሩንም ይዘው ወጡ።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ የሁለቱ ነው። ጠያቂው ጋውኑን አውልቆ፣ ቁጭ ብሎ እንዲጠይቅ ተደረገ። ዋናው ጥያቄም ታካሚው ቤቱ ከገባ ከሳምንት በኋላ በስልክ ሆነ፤ ምክንያቱም አልጋ ላይ ያለ ሰው የሚያክመውን አያማም። ሠላሳ አዲስ ጥያቄዎች ተጻፉ። «እንዴት ነበር» የሚለው ሁሉ ወጣ። በምትኩ «ሲጠሩ ማን መጣ? ስሙን ነገረዎት? ጎንዎን ማን ገለበጠዎት? ልብስ ሲቀይሩ መጋረጃ ነበረ?» የሚሉ ገቡ። ሠላሳኛው «ነገ እህትዎ እዚህ ብትተኛ ምን ብለው ይመክሯት ነበር?» የሚል ነው። ለራሱ የማይናገር ሰው ለእህቱ ሲሆን አይደብቅም። «የራስሽን አንሶላ ይዘሽ ነይ» ያሉ ብዙ ናቸው። «በሩ ጋ ያለው አልጋ ላይ እንዳትተኚ፣ አላፊ አግዳሚው ሁሉ ይገላልጥሻል» ያሉ አሉ። አንዲት እናት «መታመምሽ ካልቀረ ሲስተር ሳጂዳ ተረኛ ስትሆን ታመሚ» ብለዋል፤ ይህ ቃል በትልቁ ተጽፎ በነርሶች ክፍል ተለጥፏል።

በአዲሱ አጠያየቅ የመጀመሪያው ዓመት ውጤት ከመቶ ስልሳ አንድ ሆነ። ብዙዎች ተቆጡ። ቢሆንም በአልጋዎች መካከል መጋረጃ ተሰቀለ፤ መነሣት የማይችል ታካሚ በየሁለት ሰዓቱ እንዲገለበጥ የገልባጩ ስም በአልጋው ግርጌ ይጻፍ ጀመር። በዓመት ሃያ ሦስት የነበረው የአልጋ ቁስል በሦስተኛው ዓመት ወደ ስድስት ወረደ። ወ/ሮ ትግስት ስድስቱንም በስም ያውቋቸው ነበር።

በቤታቸውና በሰፈራቸው የነበራቸው ጠባይም ከሥራቸው የተለየ አልነበረም። ከጸሎት በኋላ በቤተ ክርስቲያን ግቢ ሰው ሰላም ብለው «ጌታ ይመስገን» ሲሏቸው እጅ ሳይለቁ «እሱስ ይመስገን፤ አንቺስ?» ይሉ ነበር። የተቸገረ ሰው በዚህች ጥያቄ ብዙ ጊዜ አልቅሷል። የቸኮለ ሰው ደግሞ በሌላ በር ወጥቷል። አቶ አምላኩ «ትግስት ሰላም ልትል ከወረደች እኔ ሞተሩን ነው የማጠፋው» ይሉ ነበር። ግትር ነበሩ፤ የያዙትን አይለቁም። ልጆቻቸው ትንሽ ነገር ደብቀው ያመለጡበት ጊዜ የለም። ሲቆጡ ድምፃቸው ከፍ አይልም፤ ይልቁንም ይቀንስ ነበር። ይህንን የምናውቅ ሁሉ ከጩኸት ይልቅ ዝግታቸውን እንፈራ ነበር።

ሐምሌ 2017 ዓ.ም. የሆድ ሕመም ጀመራቸው። ሰኞ ነሐሴ 12 ቀን ወለሉን ሲወለውሉ፣ ካርዱን ሲያወጡና ታካሚውን ሲጠይቁ ከሠላሳ ዓመት በላይ በሠሩበት በዚያው ሆስፒታል ተኙ። በዚያው ቀን የምርመራው ውጤት ሲመጣ ሐኪሙ አቶ አምላኩንና ታናሽ ወንድማቸውን ወደ ኮሪደር ጠርቶ የቆሽት ካንሰር መሆኑንና መስፋፋቱን ነገራቸው። እኛም እንደ አገሩ ልማድ እንዳትደነግጥ ብለን ተማከርን። የጨጓራ ቁስለት ነው ብለን ነገርናቸው። አሥራ ዘጠኝ ቀን ዋሸናቸው። ሐኪሙም ነርሶቹም፣ ራሳቸው ያስተማሯቸው ልጆች ጭምር፣ አብረውን ዋሹ። ማንም በክፋት አላደረገውም።

ጳጉሜን 1 ቀን ጠዋት ዘመዶች ከሆሳዕና መጥተው አልጋውን ከበቡ። ወ/ሮ ትግስት ሁሉንም ሰላም ካሉ በኋላ ወደ ባለቤታቸው ዞሩ።

«አምላኩ፣ ለጨጓራ ሰው ከሆሳዕና ድረስ ይመጣል እንዴ?»

አቶ አምላኩ ወንበራቸውን ወደ አልጋው አስጠጉ።

«መጀመሪያ ለማን ተነገረ?» አሉ ወ/ሮ ትግስት፤ ድምፃቸው ዝግ ብሎ ነበር።

ከዚያ ወዲያ የሚደበቅ ነገር አልነበረም። አቶ አምላኩ ሁሉንም ነገሯቸው። ወ/ሮ ትግስት አላለቀሱም። ማራናታ ከጥራት ክፍሉ ቅጹን እንዲያመጣላቸው ላኩት። መነጽራቸውን አድርገው ሠላሳውን ጥያቄ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበቡ። ስለ አንሶላ አለ፤ ስለ መጋረጃ አለ፤ ስለ ምግብ ሙቀት እንኳ ሁለት ጥያቄ አለ። ቅጹን ደረታቸው ላይ አድርገው «ስምንት ዓመት ሙሉ ይህን ሰው ሁሉ ስጠይቅ፣ ስለ ሕመምህ የነገረህ ማን ነው ሳልለው ቀረሁ» አሉ። ከበሽታው ዜና ይልቅ በዚህ እንዳዘኑ አጠገባቸው የነበርን ሁሉ አይተናል።

በበሽታቸው ላይ ሆነው የሠሩት የመጨረሻ ሥራ ይህ ነው። ጥቅምት ላይ ለጥቂት ጊዜ ተሽሏቸው ቤታቸው በገቡ ጊዜ «ስለ ሕመምዎ መጀመሪያ የተነገረው ለማን ነው?» የሚለውን አዲስ ጥያቄ ጽፈው ለሆስፒታሉ አቀረቡ። በውይይቱ ላይ ቤተሰብ ይቆጣል፣ ባህላችንም አይፈቅድም ያሉ ነበሩ። ወ/ሮ ትግስት ከቤታቸው በስልክ ሆነው «ለታካሚው ግድ ንገሩት አላልኩም። መጀመሪያ ማን እንዲሰማለት እንደሚፈልግ እሱን ጠይቁት ነው ያልኩት። አልፈልግም ካለም መልስ ነው፤ ጻፉት» ብለዋል። ባለቤታቸውንና ወንድማቸውን በዚህ ነገር አንድም ቀን መልሰው አልወቀሱም። ይቅርታ ስንጠይቃቸው «ፈርታችሁ ነው፤ እኔም ለእናቴ ፈርቼ የደበቅሁት አለ» ብለውናል። ምን እንደደበቁ አልነገሩንም፤ እኛም አልጠየቅንም።

ኅዳር መጀመሪያ ላይ እንደገና ተኝተው ዘጠኝ ቀን ታክመው ወጡ። ከዚያ በኋላ ያለውን ጊዜ በራሳቸው ምርጫ በቦሌ ሚካኤል ቤታቸው አሳለፉ። በገና ዕለት ከአልጋቸው ተነሥተው ከልጆቻቸው ጋር ገበታ ቀርበዋል። ቅዳሜ ጥር 16 ቀን 2018 ዓ.ም. ከቀኑ ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ባለቤታቸውና ሁለቱ ልጆቻቸው እጃቸውን ይዘው ሳሉ፣ በተወለዱ በሃምሳ ሦስት ዓመታቸው አረፉ።

ወ/ሮ ትግስት ባለቤታቸውን አቶ አምላኩን፣ ልጆቻቸውን ሩሃማንና ማራናታን፣ አንድ የልጅ ልጅ፣ ሁለት ወንድሞችና ሁለት እኅቶች ትተው ሄደዋል። ሐጂ ሃይደር ከጥቂት ዓመታት በፊት አርፈዋል። ልጃቸው ፈዲላ ግን በወ/ሮ ትግስት ሕመም ጊዜ ሁሉ በየሳምንቱ ስትመላለስ ቆይታ ዛሬም ከእኛ ጋር ቆማለች። በጸሎት፣ በማስታመምና በመጠየቅ ላልተለያችሁን ሁሉ ቤተሰቡ ከልብ ያመሰግናል።

ሰው ሳይናገር የልቡን የሚሰማ ጌታ እህታችንን ሕመም በሌለበት ቤቱ ይቀበልልን። ለባለቤታቸውና ለልጆቻቸው እሱ ራሱ ቀርቦ ያጽናናቸው። አሜን።

የወ/ሮ ትግስት ጥያቄ ከኅዳር 1 ቀን 2018 ዓ.ም. ጀምሮ ሠላሳ አንደኛ ሆኖ በሆስፒታሉ ቅጽ ላይ ገብቷል። በኅዳርና በታኅሣሥ ከተጠየቁት ሁለት መቶ አሥራ አራት ታካሚዎች መካከል አንድ መቶ አርባ ዘጠኙ «መጀመሪያ የተነገረው ለቤተሰቤ ነው» ብለው መልሰዋል። ከእነዚህ ቅጾች አንዱ የወ/ሮ ትግስት ነው።